ላፕቶፑ ስታክ ሲያደርግ፦ ፎርማት ወይስ ኤስኤስዲ?

ላፕቶፑ በየአምስት ደቂቃው ስታክ ሲያደርግ፣ የምንሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ይጫን። እኔም ሁለቴ አስደርጌያለሁ። ለሳምንት ፏ ይላል፤ ከዚያ ያው በገሌ።

ፎርማት መጥፎ ነው አልልም። ችግሩ ቫይረስ ወይም የተበላሸ ዊንዶውስ ከሆነ ያድናል፣ ወጪውም ትንሽ ነው። ፎቶና ሰነድ አስቀድሞ ካልተገለበጠ ግን ጉድ ነው።

ያረጀ ሃርድ ዲስክን ፎርማት አያድሰውም። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ የላፕቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ የሚያነበው 100 ሜጋባይት ገደማ ነው። በሃርድ ዲስኩ ቦታ የሚገባው ሳታ ኤስኤስዲ ፋይል የሚያስቀምጠው ቺፕ ላይ ስለሆነ የሚዞር ነገር የለውም፤ 500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል። ዋጋው ኪስ ይነካል፣ እውነት ነው። ግን ድሮ ላፕቶፑን ከፍቼ ቡና ጥጄ እመለስ ነበር፤ አሁን ጀበናውን ሳላነሳ ተነስቶ ይጠብቀኛል።

የቱ እንደሚያስፈልጋችሁ ለማወቅ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ምንም ሳትሠሩ «ዲስክ» የሚለው 100 ፐርሰንት ላይ ተገትሮ ከቀረ ዲስኩን ጠርጥሩ። ከውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተጨመረበት ደግሞ ፎርማቱን ተዉትና ቶሎ ፋይላችሁን አውጡ። «ሜሞሪ» የሚለው ከሞላ ግን ራም (ሜሞሪው ራሱ ነው) ጨምሩ።

ግሎ የሚደርቅ ከሆነ ፎርማትም ኤስኤስዲም አይፈቱትም። ማራገቢያው ላይ የተጋገረውን አቧራ አስጠርጉ።