የቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ለተባላችሁ፦ ጆንስ ሆፕኪንስን ጠይቁ

ለእናቴ ስትጸልዩ የነበራችሁ ሁሉ፣ ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል። ቤቷ ገብታለች። ተመስገን!

ይህን የምጽፈው በተለይ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ወገኖቼ ነው።

በፊት የሄድንባቸውን ቦታዎች ስም አልጠራም። ግን ንዴቱ አሁንም አልወጣልኝም። እየከሳች፣ ምግብ እያስጠላት «ጨጓራ ነው» ብለው በክኒን ይመልሱን ነበር። ዓይኗ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቷ ጠቁሮ፣ ሌሊቱን ስታክክ ማደር ስትጀምር ነው ራጅ ያዘዙላት። አንዱ ሐኪም ደግሞ ኮምፒውተሩን እያየ በእንግሊዝኛ «ካንሰር ነው» አለና ወጣ። እናቴ ፊቴን ታያለች። ምን ብዬ ልንገራት?

ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ስንሄድም ላስተረጉም ስል ቀዶ ሐኪሟ አስቆሙኝ። «አንቺ ልጇ ሁኚ፤ አስተርጓሚ እንጠራለን» አሉኝ። አማርኛ የሚችል ሰው እስኪመጣ ቁጭ ብለው ጠበቁ። እዚያው አለቀስኩ። (አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ መብታችሁ ነው፤ የትም ብትሄዱ ጠይቁ።)

ከዚያ ወረቀት ላይ እየሳሉ አስረዷት። የቆሽቱ ራስ፣ የሐሞት ከረጢቱና የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ይወጣል፤ የቀረው መልሶ ይገጣጠማል። እንዴት እንደሚገጣጠም ዛሬም አልገባኝም። እናቴ ግን «ጾሜንስ?» ብላ ጠየቀች። አልሳቁም። በጾም ምን እንደምትበላ ጠይቀዋት፣ የምግብ ባለሙያ አስጠሩላት።

ቀዶ ሕክምናው ዊፕል ይባላል። ድሮ ከአራት ታካሚ አንዱ ይሞትበት ነበር አሉ። አሁን ብዙ በሚሠሩ ሆስፒታሎች ከመቶ አምስት እንኳ አይሞላም። ሆፕኪንስ ደግሞ በዚህ የታወቀ ነው፤ ዶክተር ጆን ካሜሮን የተባሉት ቀዶ ሐኪም ብቻቸውን ከ2,000 በላይ ሠርተዋል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የትም ሆናችሁ «በዓመት ስንት ዊፕል ትሠራላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሊፕፍሮግ የተባለው የሆስፒታል ጥራት ተቋም ለቆሽት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 20 ይላል። መልሱ ካላጠገባችሁ ሌላ ሐኪም ጋር ሂዱ። ይሉኝታ አይያዛችሁ!

ኬሞው ገና ይቀራል። ምግብ በበላች ቁጥር ለመፍጨት የሚረዳ ክኒን ትወስዳለች። ግን ትበላለች፣ ትስቃለች፣ እኔንም ትቆጣለች። ዶክተር፣ ነርሶቹ፣ አስተርጓሚያችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እድሜ ይስጣችሁ።

የሐኪሟን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ።