ልጄን ከግል ኬጂ ይልቅ የሰፈራችን የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስገባሁበት ምክንያት

ይህን የምጽፈው አዲስ አበባ፣ ጀሞና አካባቢዋ ለምትኖሩ፣ በተለይ ለመጪው መስከረም ልጅ ለማስገባት ለምታስቡ ወላጆች ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ የተማረችው በሰፈራችን የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ባለው ቅድመ አንደኛ ክፍል ነው። አስተያየቴን ከወዲሁ ልናገር፦ ምግቡና መምህርቷ ከጠበቅኩት በላይ ናቸው፣ የክፍሉ መጨናነቅና ሽንት ቤቱ ያሳስበኛል፣ የመውጫ ሰዓቱ ደግሞ ለሠራተኛ እናት የሚሆን አይደለም።

መጀመሪያ የዞርኩት የግል ኬጂዎችን ነበር። ያየኋቸው አብዛኞቹ መኖሪያ ቪላ ተከራይተው፣ ግቢውን ሴራሚክ አንጥፈው፣ አንድ ሸርተቴና ዥዋዥዌ አቁመው የከፈቱ ናቸው። አንዱ ጋ ወርሃዊ ክፍያው 4,500 ብር ነው ተባልኩ። እሱንማ እንደምንም እችለዋለሁ ብዬ ወረቀቱን ስቀበል መመዝገቢያው ለብቻ፣ ዩኒፎርሙ ለብቻ፣ መጽሐፉ ለብቻ፣ ሰርቪሱ ለብቻ ነው። የሚከፈለውም በየወሩ ሳይሆን የሦስት ወሩ ባንድ ጊዜ ነው። ከሥሩ ደግሞ ወላጅ የሚያመጣው ዝርዝር አለ፦ ሶፍት፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ አንድ ደስታ ወረቀት፣ ከለር። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ የኤሌክትሪክ ሥራ ሲገኝ ይሠራል። ቁጭ ብለን ስንደምረው የመስከረም ወር ብቻ የሁለታችንን ገቢ ጠራርጎ ይወስዳል። ገና የቤት ኪራይ አልተነሳም።

ባለቤቶቹም ኪራይ እንደሚከፍሉ አውቃለሁ። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያልጨመረ ነገር የለም። ዋጋው ብቻ ቢሆን ኖሮ አዝኜ እተወው ነበር። ያናደደኝ ሌላ ነው። እዚያው ትምህርት ቤት ልጄን ለብቻዋ ወንበር ላይ አስቀምጠው በእንግሊዝኛ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የቀለም ስም ጠየቋት። ቤታችን የሚወራው አማርኛ ነው፤ ልጅቷ ጣቷን አፏ ውስጥ ከታ ዝም አለች። «ትንሽ ወደኋላ ቀርታለች፣ ነርሰሪ ብትጀምር ይሻላል» አሉኝ። አያቷ የነገሯትን ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳትስት የምትደግም ልጅ እኮ ናት! እሷ ፊት እንዲህ መባሉ እስካሁን ይቆጨኛል።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ደብረ ማርቆስ፣ የኔታ ዘንድ ነው። ከሀሁ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ። ለድሃ ልጅም ለሀብታም ልጅም በሩ አንድ ነበር። ከተማ ስንገባ ይህ በር ጠበበ፤ በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን መዋዕለ ሕፃናት በአብዛኛው ለግል ባለሀብትና ለሃይማኖት ተቋማት የተተወ ነበር። በየመንግሥት ትምህርት ቤቱ የምናየው የኦ ክፍል (ከአንደኛ ክፍል በፊት ያለው የአንድ ዓመት መሰናዶ) እና ቅድመ አንደኛ የተስፋፋው ኋላ ነው። በ2015 የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ልጅ በሰባት ዓመቱ አንደኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ እንዲማር ይላል። እንግዲህ የልጄ ተራ የደረሰው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ ልግባ። ክፍያ የለውም፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ከከተማ አስተዳደሩ ነው። ምገባው ቁርስና ምሳ ነው። ወሬውን ስሰማ ብዙም አልተማመንኩበትም ነበር፣ እናም አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ ቆሜ አየሁ። መጋቢ እናቶቹ ነጭ ጋዋን ለብሰው፣ ፀጉራቸውን ሸፍነው፣ ልጆቹን እጅ አስታጥበው በሰልፍ ያስገባሉ። ዕለቱ የምስር ወጥ ነበር፤ እንጀራው ትኩስ ነው፣ ወጡ ለልጅ ተብሎ በርበሬው የቀለለ። አንድ ልጅ አልበላም ብሎ ሲያኮርፍ አንዷ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ «አንዴ ብቻ የኔ ጌታ፣ በሞቴ» እያለች አጎረሰችው። ልጄ ቤት ውስጥ ምስር አትነካም ነበር፤ ዛሬ ራሷ ትጠይቀኛለች። የምሳ ዕቃ ወጪ ከቤታችን መውጣቱን የወር አስቤዛ የሚገዛ ሰው ይረዳዋል።

መምህርቷ ወጣት ናት። ክፍሉ ውስጥ የተገዛ መጫወቻ እምብዛም የለም፤ እሷ ግን የለስላሳ ቆርኪ ሰብስባ፣ በሲባጎ ሰክታ፣ መቁጠሪያ አድርጋዋለች። ልጆቹ አንድ፣ ሁለት እያሉ ቆርኪውን ከግራ ወደ ቀኝ ይገፋሉ። ፊደሉንም መጀመሪያ አሸዋ ላይ በጣት፣ ቀጥሎ ሰሌዳ ላይ፣ ደብተር መጨረሻ ነው የሚመጣው። ልጄ በግንቦት ስሟን ጻፈች። የቤት ሥራ ተሸክማ መጥታ አልቅሳ የተኛችበት ቀን የለም። ጎረቤቴ በግል ኬጂ የምታስተምረው ልጅ ግን የእንግሊዝኛ ቃላት አልያዝክም እየተባለ ማታ ማታ ያለቅሳል።

ጉድለቱንም ልናገር። ክፍሉ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ልጆች አሉ፤ መምህርቷን የምታግዛት አንድ ሞግዚት ብቻ ናት። ልጅ ዝምተኛ ከሆነ መምህርቷ ቀኑን ሙሉ ሳትጠራው ልትውል ትችላለች፣ ስለዚህ ጠዋት ስታደርሱ ሁለት ደቂቃ ቆማችሁ አነጋግሯት። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ሮቶው ባዶ በሚሆንባቸው ቀናት ሽንት ቤቱ አይገባበትም። ልጄ ሽንቷን ይዛ ቤት ድረስ መጥታ ታውቃለች። ለርዕሰ መምህሩ ከሌሎች እናቶች ጋር ሆነን ነግረናቸዋል፤ ሁለተኛ ሮቶ ለማስገባት ወላጅ ኮሚቴው እየተነጋገረ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ሰዓቱ ነው። ልጆቹ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ይወጣሉ፤ እኔ ከቢሮ የምወጣው አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ ከሜክሲኮ ጀሞ ደግሞ የታክሲ ሰልፉ አለ። በ2010 የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው አዝዞ ነበር፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን በዚያ አዋጅ አይሸፈንም ነበር። እኛ ብሎክ ያሉ እትዬ በወር 1,500 ብር ተቀብለው ልጄን አምጥተው ያቆዩልኛል። እሳቸው ባይኖሩ ነጻው ትምህርት ቤት ለእኔ አይሆንም ነበር። አንድ ክፍል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ክፍት ቢሆንና ሞግዚት ቢመደብለት እኔም፣ በር ላይ የማገኛቸው ብዙ እናቶችም ደስ ብሎን እንከፍላለን። ይህንን ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አስገብተናል።

ለመመዝገብ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድ፣ ጉርድ ፎቶና የነዋሪነት መታወቂያችሁን ያዙ። ምዝገባው ክረምት ላይ ነው፤ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ ማስታወቂያው በር ላይ እንደተለጠፈ ሂዱ። የልደት ምስክር ወረቀት ያላወጣችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ወረዳ ሄዳችሁ ጀምሩት።