ኪቦርድ ስትገዙ፦ ጥሩ ድምፅ ወይስ ብዙ ሪትም?

622 ዓይነት የመሣሪያ ድምፅ (ፒያኖ፣ ጊታር የመሳሰሉት) ያለውና 10 ድምፅ ብቻ ያለው ኪቦርድ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ወደ 622ቱ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ትንሽ ቆም በሉ።

ሁለቱም የያማሃ ናቸው። ፒኤስአር-ኢ373 ከ622ቱ ድምፅ ሌላ 205 አጃቢ ሪትም (ከበሮና ቤዝ እያሰማ የሚያጅብ) አለው፤ ቁልፎቹ 61 ናቸው። 10 ድምፅ ያለው ፒ-45 አጃቢ ሪትም የሚባል ነገር የለውም። ያሉት እንደ ፒያኖ ከበድ የሚሉ 88 ቁልፎች ናቸው።

ልዩነቱ የሚገባችሁ ስትነኩት ነው። የፒያኖ ድምፅ ምረጡና አንዱን ቁልፍ መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ጥሩ ድምፅ ያለው ኪቦርድ ላይ መጮኹ ብቻ ሳይሆን የድምፁ ጠባይም ይለወጣል። በቀስታ ሲነካ ለስለስ፣ ሲመታ ጥርት ይላል። ደካማው ላይ ያው ድምፅ ይጨምራል፣ በቃ። ቀጥሎ ፔዳሉን ረግጣችሁ በግራ በኩል ካሉት ወፍራም ድምፆች አንዱን ምቱና እስኪጠፋ አዳምጡ። ቀስ እያለ ከሳሳ ጥሩ ነው። ቶሎ ከሞተ ወይም አንዱን ቁራጭ ደጋግሞ የሚያሰማ ከመሰለ፣ ውሎ አድሮ ጆሮ ይሰለቸዋል።

በአንድ ጊዜ ስንት ኖታ ማሰማት እንደሚችልም ጠይቁ። ኢ373 48፣ ፒ-45 64 ነው። ሁለት የመሣሪያ ድምፅ ደርባችሁ ፔዳል ረግጣችሁ ስትጫወቱ 48ቱ ቶሎ ያልቃል፤ አዲሱ ሲገባ የቀደመው ይቆረጣል።

ፒያኖ በደንብ መማር ለሚፈልግ ሰው ሳላመነታ ፒ-45ን እመርጣለሁ። ጣት የሚለምደው ክብደት በኋላ ተገዝቶ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር) እና መቅጃ ግን ስልካችሁ ላይም ታገኛላችሁ። ተጨማሪ ድምፅ ካማራችሁ ደግሞ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው።

ለብቻው ዘፋኝ የሚያጅብ ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ሪትም ባለው ኪቦርድ ላይ በግራ እጅ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ሲይዝ ከበሮውም ቤዙም አብሮ ይነሳለታል። ኢ373 በባትሪ ድንጋይም ይሠራል፤ ፒ-45 11.5 ኪሎ ስለሆነ ይዞ መዞር ያደክማል። እዚህ ላይ ሪትሙ ይበልጣል።

ለሙከራ የራሳችሁን ሄድፎን ይዛችሁ ሂዱ። በሄድፎን ጥሩ ሆኖ በራሱ ስፒከር ከደከመ፣ ችግሩ የስፒከሩ ነው፤ ውጭ ስፒከር ብትሰኩለት ይስተካከላል። በሄድፎንም ካላማረ ግን ተዉት።