ቢጃን ሮቢንሰን ወይስ ጃሚር ጊብስ?

ሁለቱም ራኒንግ ባክ፣ ማለትም ኳስ ይዘው የሚሮጡ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) ድራፍት፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋች በየተራ በሚመርጡበት፣ አትላንታ ቢጃንን 8ኛ፣ ዲትሮይት ጊብስን 12ኛ አድርገው መረጡ። ተጫዋች ከዓመት ዓመት በሚያዝበት የዳይናስቲ ፋንታሲ ሊግ (በእውነተኛ ተጫዋቾች ውጤት ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ) ማን ይቅደም? ዕድሜ አይለያቸውም፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2002 ነው የተወለዱት። በፍጥነት ጊብስ ይበልጣል፤ 40 ያርዱን (37 ሜትር ገደማ) በ4.36 ሰከንድ ሮጧል፣ ቢጃን በ4.46። ቢጃን ግን ወደ 7 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ራኒንግ ባክ ደግሞ በየሳምንቱ የሚደበደብ ሰው ነው፤ ክብደት ይረዳዋል።

በመጀመሪያ ዓመቱ ቢጃን 976 ያርድ ሮጦ የተወረወረለትን 58 ኳስ ያዘ። ጊብስ ሥራውን ከቡድን ጓደኛው ከዴቪድ ሞንትጎመሪ ጋር እየተካፈለም 945 ያርድ ሮጠ፣ 52 ኳስ ያዘ፣ በሩጫ 10 ታችዳውን (ኳሱን የተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ በማድረስ የሚገኝ ነጥብ) አስቆጠረ። ቢጃን በሩጫ 4 ብቻ! ታችዳውን ግን የቡድን ነገር ነው፣ ይዋዥቃል። ለአዲስ ልጅ እኔ የማየው የሚይዘውን ኳስ ነው። በዚህ ሚዛን ቢጃን ለጥቂት ይቀድምብኛል።