ሦስት ሰንጢ፣ ሦስት እጀታ

ደብረ ማርቆስ ተቀምጬ በየገጠሩ ሶላር እገጥማለሁ። ዛሬ ጮቄ ሥር በብርድ እንቀጠቀጣለሁ፣ በማግስቱ ደጀንን አልፌ አባይ በረሃ እቀቀላለሁ። ከኪሴ ሁለገብ ሰንጢ ጠፍቶ አያውቅም። ሰው ሲገዛ ስንት ስለት እንዳለው ይቆጥራል። እኔ ሦስት ዓይነት ከያዝኩ በኋላ መጀመሪያ የማየው እጀታውን ነው።

የመጀመሪያዬ ሁሉም የሚያውቀው ቀዩ ቪክቶሪኖክስ ነበር። እጀታው ሴሊዶር የሚባል ፕላስቲክ ነው። እጅ ላይ ይመቻል፣ በብርድ አይቀዘቅዝም፣ በዚያ ላይ ወረንጦና ስቴኪኒ ጎኑ ውስጥ ተሸጉጠውበታል፤ የስቴኪኒውን ዋጋ ቁርጥ የበላ ያውቀዋል። ግን ቶሎ ይጫጫራል፣ ድንጋይ ላይ ከወደቀም ሊሰነጠቅ ይችላል። የኔን ያበላሸው ድንጋይ አይደለም። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ላመሽ ብዬ የትንኝ መከላከያ ቅባት ተቀባሁና በዚያው እጄ ማንጎ ልጬበት ወደ ኪሴ ከተትኩት። ጠዋት ሳወጣው ላዩ ደብዝዞ የጣቴ አሻራ ታትሞበታል! ለካ ቅባቱ ውስጥ ያለው ዲት የሚባል ነገር እንዲህ ያለውን ፕላስቲክ ያሟሟል። አሴቶንም ያው ነው።

ሁለተኛው ሌዘርማን ዌቭ ነው፣ ባለ ፒንሳው። እጀታው ብረት ነው፣ ጥንካሬው አያጠያይቅም። ግን ወደ 240 ግራም ይመዝናል፣ ሱሪ ያወርዳል። ጮቄ ላይ በጠዋት ስትይዙት በረዶ፣ አባይ በረሃ ፀሐይ ላይ ረስታችሁት ስታነሱት ደግሞ ምጣድ ነው። የማይዝግ ብረት የሚለውንም ብዙ አትመኑ። ሎሚ ቆርጬ ሳላጥብ ከተትኩት፣ በሳምንቱ መታጠፊያው አካባቢ ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ።

አሁን የምይዘው የቪክቶሪኖክስ አሎክስ ነው። ላዩ ሸካራ የሆነ አሉሚኒየም፣ ቀጭን፣ ቀላል፣ እርጥብ እጅ ላይ የማያዳልጥ። ወረንጦና ስቴኪኒ የለውም፣ ፒንሳም የለውም፤ ፒንሳ ከመሣሪያ ሳጥኔ አለልኝ። አንድ ጠላት አለው፣ አመድ። ቤት ውስጥ ድስቱን በአመድ እንደምንፈትገው እሱንም የፈተገ ሰው አይቻለሁ። አመድ አሉሚኒየም ይበላል፣ ላዩን ልባስ ይገፋል፣ አታስነኩት።

እንክብካቤው ለሦስቱም አንድ ነው። ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ሳሙና ውስጥ ስለቶቹን ደጋግሞ መክፈትና መዝጋት፣ ከፍቶ በደንብ ማድረቅ፣ ከዚያ መታጠፊያው ላይ አንዲት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት። የምግብ ዘይት አታድርጉ፣ እየቆየ ሙጫ ይሆንና ከኪስ አቧራ ጋር ተጋግሮ ጥፍር እስኪነቀል አይከፈትም። አባባ የቀንድ እጀታ ቢላቸውን ቅቤ ያሹታል። ለቀንድ ልክ ናቸው፣ እንዳይሰነጠቅ ይረዳል። የኔንም ሊያሹልኝ ሲሉ ነው ሮጬ የቀማኋቸው።

ደግሞ ለሙያ ጓደኞቼ፦ ፕላስቲክ እጀታ ነው ብላችሁ መብራት ያለበት ሽቦ እንዳትነኩ። ከፕላስቲኩ ሥር ያለው ብረት ነው፣ አንዱም ሰንጢ ከኤሌክትሪክ አይከላከልም።

ቀዩን አባባ ወስደውታል። አሻራዬ እንደታተመበት ነው፤ እሳቸው የፈለጉት ወረንጦውን ነው፣ እሾህ ሊነቅሉበት።