የ60,000 ኪሎ ሜትር ዋስትና አለው ተብላችሁ ውድ ጎማ ልትገዙ ከሆነ ሳትከፍሉ ይህን አንብቡ

ውድ ጎማ እንዴት እንደሚሸጥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሻጩ በመጀመሪያ ርካሹን ጎማ አውርዶ ያሳያችኋል፤ ቀጥሎ ስመ ጥሩን ጎማ አጠገቡ አቁሞ ፍሬን ሲያዝ በስንት ሜትር እንደሚቆም፣ ድምፁ ምን ያህል ዝቅተኛ እንደሆነ፣ በዝናብ ጊዜ አስፋልት እንዴት ቆንጥጦ እንደሚይዝ ይዘረዝራል፤ ዋጋውን ስትሰሙ እንደምታመነቱ ስለሚያውቅም በመጨረሻ የዋስትናውን ደብተር ያወጣል። እኔን ያሳመነኝ ይኸው ደብተር ነበር። ሽፋኑ ላይ 60,000 ኪሎ ሜትር የሚል ቁጥር በጉልህ ታትሞበታል። ዛሬ የፊት ሁለቱ ጎማዎቼ የተባለውን ርቀት ግማሽ እንኳ ሳይሄዱ ጥርሳቸው አልቆ፣ ደብተሩም ምንም እንደማያስገኝልኝ ከገዛሁበት ሱቅ ተነግሮኝ ተመልሻለሁ። ንዴቴ ሳይበርድ የምጽፈው፣ የተፈጸመብኝ ነገር በዝርዝር ካልተነገረ ሌላውም ሰው በዚያው መንገድ እንደሚታለል ስለማምን ነው።

አስቀድሜ ስለ ጎማው እውነቱን ልናገር። ጎማው መጥፎ አልነበረም። አዲስ ሳለ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ስይዝ መኪናው ሳይንሸራተት ይቆም ነበር፣ መሪውም ለእጄ ይታዘዝ ነበር፣ በፍጥነት መንገድ ላይ የጎማ ጩኸት አልሰማም ነበር። ለዚህ ብዬ ብከፍል አይቆጨኝም። ነገር ግን መንገድ የሚይዝ ጎማና ብዙ የሚቆይ ጎማ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አስፋልትን አጥብቆ እንዲይዝ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ የተሠራ ጎማ ብዙውን ጊዜ ቶሎ ይበላል። ሻጩ ይህን ያውቃል፤ የሥራው ሀሁ ነው። እኔ ግን «በጥራቱም በዕድሜውም አቻ የለውም» ተብሎ ነው የተሸጠልኝ።

አሁን ወደ ዋናው በደል ልግባ። መኪናዬ በፊት ጎማ የሚጎተት ነው። እንዲህ ባለ መኪና የፊት ጎማዎች የሞተሩን ክብደት ይሸከማሉ፣ መኪናውን ይጎትታሉ፣ በመሪ ይጠማዘዛሉ፣ ከፍሬኑም ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ከኋላዎቹ ቀድመው ማለቃቸው የታወቀ ነው። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት ማዘዋወር የሚያስፈልገውም አራቱ እኩል እንዲበሉ ነው። የዋስትናው ደብተር በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንዲደረግ ያዛል። ይህን አንብቤ ጊዜው ሲደርስ ደብተሬን ይዤ ወደ ሱቁ ሄጄ ነበር፤ ከግዢው ጋር በነፃ የተሰጠ አገልግሎት ነውና ክፍያም አልነበረበትም። የተቀበለኝ ጎማውን የሸጠልኝ ሰው ራሱ ነው። ከመኪናው ጎን ቁጭ ብሎ በጎማው ጎን ላይ ያለውን ቀስት አሳየኝና፣ «ይህ ጎማ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሽከረከር ነው፤ የፊቱ ወደ ኋላ አይዞርም። ደግሞም የዚህ ደረጃ ጎማ እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገውም፤ ጊዜዎን አያባክኑ» አለኝ። ደብተሩንም ሳይከፍተው መለሰልኝ። በሚቀጥለው ጊዜም ስሄድ ያው መልስ ነበር።

የነገረኝ ነገር ሐሰት ነው። ቀስት ያለበት ጎማ ከግራ ወደ ቀኝ የማይዛወረው በተቃራኒው እንዳይሽከረከር ነው፤ ያንን ለማድረግ ከቸርኬው ወልቆ ተገልብጦ መገጠም ይኖርበታል። በዚያው ጎን ከፊት ወደ ኋላ ግን ያለ ምንም ችግር ይዛወራል፤ የፊትና የኋላው መጠን አንድ እስከሆነ ድረስ ክሪክና የቡሎን መፍቻ ያለው ማንኛውም ጎሚስታ የሚሠራው ሥራ ነው። ይህን ያረጋገጥኩት ዘግይቼ፣ ከሌላ ባለሙያ ነው። ነፃ አገልግሎት ስለሆነ ከእኔ የሚያገኙት ገቢ አልነበረም፤ የመሥሪያ ቦታቸውን ለሚከፍል ደንበኛ ለማስለቀቅ ሲሉ እንደመለሱኝ አልጠራጠርም።

ጎማው ማለቁን ያወቅኩት በዝናብ ነው። ውኃ በተኛበት መንገድ ላይ መሪው በድንገት ባዶ ሆነብኝ፤ መኪናው ለቅጽበት በውኃው ላይ ተንሳፈፈ። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳንሆን ዳር ይዘን ስንቆም ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩ፤ የፊቶቹ ጥርሶች በመካከላቸው ካሉት የማስጠንቀቂያ ጉብታዎች ጋር ሊስተካከሉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። እነዚያ ጉብታዎች የተሠሩት ጥልቀቱ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲደርስ እንዲታዩ ነው፤ አዲስ የመኪና ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ወደ 8 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ጥልቀት ይኖረዋል። ውኃን ከሥሩ ገፍቶ የማስወጣት አቅሙ ግን ጉብታው ላይ ከመድረሱ አስቀድሞ ይዳከማል፤ 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ቀይሩት የሚሉ ባለሙያዎች ብዙ የሆኑት ለዚህ ነው።

ደብተሩንና ደረሰኙን ይዤ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ያው ሰው ነበር። ስገዛ አንቱ እያለ ወንበር ያቀረበልኝ ሰው ዛሬ ከጠረጴዛው አልተነሣም። ነገሩን ካስረዳሁት በኋላ እያመነታ ወጥቶ የጥልቀት መለኪያውን ከፊቱ ጎማ ጥርስ መካከል አስገባ፤ ቀጥሎ ወደ ኋላው ዞሮ እንዲሁ አደረገ። «እየው፤ የፊቱ 2፣ የኋላው 5። እኩል አልተበላም። እኩል ያልተበላ ጎማ ዋስትና የለውም» አለኝ። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስዶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠ። እዚያ ሰንጠረዥ አለ፤ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የሠራው ሰው ፊርማ፣ ማኅተም። ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ እስከ መጨረሻው አወረደና፣ «ባዶ ነው» አለ።

ለጥቂት ጊዜ አፌ ተያዘ። ባዶ ያደረገው እሱ ነው። ያንን መስመር ሊሞላው የሚገባው እጅ፣ አሁን ባዶ መሆኑን የሚያሳየኝ እጅ ነው። «ሁለት ጊዜ መጥቼ አይዞርም ብለህ የመለስከኝ አንተ አይደለህም ወይ? እዚህ ቆመህ ቀስቱን አላሳየኸኝም?» አልኩት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «እኔ ነኝ ያልኩህ? የተጻፈ ነገር አለህ?» አለኝ። ይህን ሲል ድምፁ ላይ የመደናገጥ ምልክት አልነበረም። ጥያቄውን ብዙ ጊዜ ጠይቆ የለመደው ሰው ድምፅ ነበር። ይህን ጽሑፍ እስክጀምር ድረስ ከጆሮዬ ያልጠፋው ይኸው ነው።

በዚህ አላበቃም። ሌላ ምክንያት ፍለጋ «ንፋሱን በየስንት ጊዜው ታያለህ? አላይመንቱስ?» ይለኝ ጀመር። ጎማ ግን የራሱን ታሪክ በላዩ ላይ ይዞ ነው የሚዞረው። ንፋስ ሲያንሰው በሁለቱም ትከሻ ይበላል፣ ሲበዛበት በመሃሉ ይበላል፣ አላይመንት፣ ማለትም ጎማዎቹ ቀጥ ብለው የሚቆሙበት ልክ፣ ሲዛባ ደግሞ በአንድ ጠርዝ ይላጫል። የእኔ የፊት ጎማዎች ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ጥልቀት ነበራቸው፤ ይህንንም በራሱ መለኪያ በሦስት ቦታ እንዲለካ ጠይቄው ለክቶ አይቷል። መልስ ሲያጣ ደብተሩን በእጁ ጀርባ ገፋ አድርጎ ወደ እኔ መለሰውና፣ «ለደንበኝነትህ ብዬ አዲስ ጥንድ ብትገዛ ቅናሽ አደርግልሃለሁ» አለኝ። ከኋላ ሊፍቱ ሥር የሚሠራው ልጅ ደግሞ ለጓደኛው፣ እኔ በምሰማው ድምፅ፣ «ውድ ጎማ ገዝተው እንደ ታክሲ ይነዱትና ይመጣሉ» ብሎ ሳቀ። የሱቁ ኃላፊ በመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ያይ ነበር፤ አልወጣም። ልጆች ጭኖ በውኃ ላይ የተንሳፈፈ ሰው ምን ዓይነት ፊት ይዞ እንደቆመ አንዳቸውም አላስተዋሉም፣ ወይም ግድ አልሰጣቸውም።

ስለ ቅናሹ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ዋስትናው ቢጸናልኝ እንኳ ገንዘቤ አይመለስም ነበር። የኪሎ ሜትር ዋስትና የሚሠራው በስሌት ነው፤ 60,000 የተባለው ጎማ 30,000 ሄዶ ቢያልቅ፣ ያልተሄደው ግማሽ ታስቦ በሌላ አዲስ ጎማ ዋጋ ላይ ይቀነስላችኋል። ስለዚህ ወይ ከዚያው ኩባንያ እንደገና ትገዛላችሁ፣ ወይ ምንም አታገኙም። የፊትና የኋላ ጎማቸው መጠኑ የተለያየ መኪና ያላችሁ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ ከፊት ወደ ኋላ ማዘዋወር ስለማይቻል ለኋላ ጎማዎች የተነገረውን ርቀት በግማሽ የሚቀንሱ አምራቾች አሉ፣ ይህም የሚጻፈው በደቃቅ ፊደል ነው። ከፋብሪካ መኪናው ላይ ተገጥሞ የሚመጣው ጎማም ስሙ አንድ ሆኖ ሳለ ብዙውን ጊዜ የኪሎ ሜትር ዋስትና የለውም።

ሌላም የተዋሸሁት ነገር አለ። ስገዛ በጎማው ጎን ላይ ትሬድዌር (TREADWEAR፣ የጥርስ አበላል ደረጃ) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለውን 500 የሚል ቁጥር እያሳየ፣ «ይኸው፣ ከ50,000 በላይ ይሄዳል ማለት ነው» ብሎኝ ነበር። ቁጥሩ ኪሎ ሜትር አይደለም። 100 የሚል ደረጃ ከተሰጠው መመሳከሪያ ጎማ ጋር ሲነጻጸር በተመሳሳይ ፈተና ላይ ስንት እጥፍ ይቆያል የሚለውን ብቻ የሚናገር ነው። ፈተናው የሚካሄደው በአሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ በተመረጠ የ640 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ መንገድ ላይ ሲሆን፣ በጠቅላላው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በስሌት የሚገመት ነው። ደረጃውን የሚሰጠውም አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ የአንዱ ኩባንያ 500 ከሌላው 500 ጋር እኩል ነው ብሎ መከራከር አይቻልም፤ ሻጩ እንዳደረገው በመቶ አባዝቶ ኪሎ ሜትር ማውጣት ደግሞ ፈጽሞ መሠረት የለውም። በአውሮፓ ኅብረት ያለው መለያ ወረቀትም ቢሆን እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ ከታደሰ በኋላ ነዳጅ ቁጠባን፣ በእርጥብ መንገድ መያዝንና ድምፅን በፊደል ደረጃ ቢያሳይም፣ ጎማው ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ አይናገርም። ገዢው ከሁሉ በላይ ማወቅ የሚፈልገው ነገር የሚነገረው በሻጩ አፍ ብቻ ሆኖ መቅረቱ እጅግ ያሳዝናል፤ የዚህ ሁሉ ማታለል በር የተከፈተውም በዚሁ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቅሬታዬን በሱቁ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ለአምራቹ ጽፌያለሁ፤ ደረሰኙን፣ የደብተሩን ሁሉንም ገጽና የአራቱን ጎማ የጥልቀት ልኬት በፎቶ አድርጌ አያይዤዋለሁ። ሱቁ ለቅናሽ ያቀረበልኝን ጥንድ አልገዛሁም፣ አልገዛምም።

እናንተ ግን ከመክፈላችሁ በፊት የደብተሩን የመጨረሻ ገጽ እዚያው ቆማችሁ አንብቡ፤ ጎማ የማዘዋወሩን ጊዜ፣ ማን መፈረም እንዳለበትና በሌላ ጎሚስታ ቢሠራ ይቀበሉ እንደሆነ አስጽፉ። ለማዘዋወር ሄዳችሁ «አያስፈልገውም» ከተባላችሁ፣ ይህንኑ በቀንና በኪሎ ሜትር ሰንጠረዡ ላይ ጽፎ እንዲፈርምላችሁ ጠይቁ፤ አልፈርም ካለ ሌላ ቦታ አሠርታችሁ ደረሰኙን ያዙ። ስትገዙ በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚሉት ፊደላት ተከትሎ ያለውን ቁጥር መጨረሻ ተመልከቱ፤ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ ቁጥሩ ወደ ውስጥ ዞሮ ከተገጠመም ከመውጣታችሁ በፊት መኪናው በሊፍት ላይ እንዳለ እዩት። የጥልቀት መለኪያም ትንሽ ዕቃ ናትና መኪናችሁ ውስጥ አስቀምጡ፣ በየጊዜው ለክታችሁ ጻፉ።

የሱቁን ስም እዚህ አልጠቀስኩም፤ አምራቹ መልስ እስኪሰጠኝ ድረስ እጠብቃለሁ። ከሌላ ሱቅም ቢሆን ተመሳሳይ ነገር የደረሰባችሁ ካላችሁ፣ የተነገራችሁን ቃልና ጎማው ያለቀበትን ኪሎ ሜትር ከሥር ጻፉልኝ፤ ወደ ደብዳቤዬ እጨምረዋለሁ።