ለትልቅ ክልስ ቡልዶግ፦ የቆርቆሮ ቤት ወይስ የጣውላ?

ለገጣፎም ሆነ ሱሉልታ፣ ውሻ ግቢ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰበው ከግንባታ የተረፈ ቆርቆሮ ነው። ይረክሳል፣ በግማሽ ቀን ይገጣጠማል፣ በውሃ ይታጠባል፤ መዥገርና ቁንጫም ብዙ መደበቂያ አያገኙም። ችግሩ ሙቀቱ ነው። ቡልዶግ ያለበት ክልስ አፍንጫው ብዙ ጊዜ አጭር ስለሚሆን በማለክለክ ሰውነቱን ማቀዝቀዝ ይቸግረዋል። የመጋቢት ፀሐይ ባጋለው ቆርቆሮ ውስጥ ከተዘጋበት የሰውነቱ ሙቀት ከ40 ዲግሪ አልፎ ራሱን ሊስት ይችላል። ሌሊት ደግሞ ትንፋሹ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ይንጠባጠብበታል፤ እርጥበቱ የፊቱን እጥፋት ያቆስላል።

ጣውላ ወጪው ከበድ ይላል፣ ግን ቀንም ሌሊትም ይሻላል። ለ40 ኪሎ ውሻ 120 በ80 ሳንቲሜትር፣ ቁመቱ 90 ይበቃል። ብሎኬት ላይ 20 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፤ ያለዚያ የክረምት ጭቃና ምስጥ ወለሉን ይጨርሱታል። ለምስጥ ብለው የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚቀቡ አሉ፦ ውሻው ይልሰዋል፣ መርዝ ነው! መዥገርና ቁንጫ እንዳይደበቁበት የጣውላውን ስንጥቆች ስቱኮ ይዝጋቸው።

የቆርቆሮው ቤት ቀድሞ ከተሠራ ማፍረስ አያስፈልግም። ውስጡን ፕላይውድ አልብሱት፣ ከጣሪያው ሥር መተንፈሻ ክፈቱለት፣ ጥላ ሥር አዛውሩት።